ጥሩምባውን የሚሰማው ማን ነው?

የወተት ላም ለከብት ሳንባ ነቀርሳ ስትመረመር አንገቷ ላይ ሁለት ቦታ ጠጉሯ ይላጫል። በአንዱ የወፍ፣ በሌላው የከብት ቱበርኩሊን የተባለ መመርመሪያ ትወጋለች። ባለሙያው ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሶ የቆዳዋን እብጠት ይለካል። ሰበታ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከሚከታተላቸው በሽታዎች አንዱ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተመረመሩት የወተት ከብቶች 30 በመቶ ያህሉ ላይ ምልክቱን አግኝቷል።

የበሽታው ባክቴሪያ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ ይባላል። ሙሉ የዘረመል ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲነበብ 4.3 ሚሊዮን ፊደላት ያህል ሆነ። ከሰው ቲቢ ባክቴሪያ ጽሑፍ ጋር ከ99.95 በመቶ በላይ ይመሳሰላል። ታዲያ ጠባያቸው ለምን ይለያያል? እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ጥያቄ ነው። ጂን መኖሩ ብቻውን ሥራ አይሠራም፤ መቼ እንደሚታዘዝም መታወቅ አለበት። ሳይንቲስቶቹ ዣኮብና ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1961 ያስረዱት ይህንኑ ነበር፤ የአንጀት ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ የወተት ስኳር የሚፈጩትን ጂኖች በደንብ የሚያሠራው ስኳሩን ሲያገኝ ነው።

አራት ሺህ ገደማ ጂኖች ባሉበት ማን ማንን እንደሚያዝ አንድ በአንድ መፈተሽ ዕድሜ ይጨርሳል። ኮምፒውተር የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ከሱሉልታ ኮረብታ ላይ ሆኖ አንድን ሰፈር ዓመቱን ሙሉ ቢያይ፣ ማንንም ሳይጠይቅ የእድሩን አባላት ይለያል፤ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሚወጡትን መቁጠር ነው። ጥሩምባ ተነፋም አልተነፋም ከመንገድ የማይጠፋው ሰው ግን ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው ሲ.ኤል.አር. የተባለ የኮምፒውተር ስልት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በ445 የኢ. ኮላይ ልኬቶች ላይ የጂኖችን መጠን አነጻጽሮ፣ ከሁሉም ጋር የሚመሳሰለውን ቀንሶ፣ 1,079 የትእዛዝ ግንኙነቶችን ጠቆመ። 741ዱ ቀድሞ ያልታወቁ ነበሩ። ከአሥሩ ጥቆማ ስድስቱ ያህል ትክክል እንደሚሆኑ ተገምቷል፤ አዘጋጆቹ ይህንን በግልጽ መናገራቸውን አከብራለሁ። የቀረውን የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው።

ወደ ላሟ እንመለስ። በሰው ቲቢ ባክቴሪያ ሲግማ ኬ የተባለው አዛዥ ፕሮቲን ልጓም አለው። በከብቱ ባክቴሪያ ግን ልጓሙን የሚሠራው ጂን ተበላሽቷል፤ ስለዚህ ኤም.ፒ.ቢ.70 የተባለው ፕሮቲን ያለማቋረጥ በብዛት ይመረታል። ላሟ አንገት ላይ በሚወጋው የከብት ቱበርኩሊን ውስጥ ካሉት ዋና ዋና ፕሮቲኖች አንዱም እሱ ነው።