ቅንጣትን የሚሸፍኑት የደም ፕሮቲኖች

ባክቴሪያም ሆነ መድኃኒት እንዲሸከም በፋብሪካ የተሠራ ደቃቅ የስብ ቅንጣት ወደ ደም እንደገባ ወዲያውኑ በፕሮቲኖች ስለሚሸፈን፣ ማክሮፋጅ የተባሉት ባዕድ ነገርን እየዋጡ የሚያስወግዱ የመከላከያ ሕዋሳት በአብዛኛው የሚያገኙት የቅንጣቱን ገጽ ሳይሆን ይህን ሽፋን ነው።

ለዚህ ግንዛቤ መሠረት የጣሉት አልምሮት ራይት እና ስቱዋርት ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1903 ለንደን ውስጥ ባደረጉት ሙከራ፣ ከሴረም (ደም ከረጋ በኋላ ከሚቀረው ፈሳሽ) ተለይተው የታጠቡ ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያን እምብዛም እንደማይውጡ፣ ባክቴሪያው አስቀድሞ በሴረም ተነክሮ ሲቀርብላቸው ግን በብዛት እንደሚውጡት አሳዩ፤ ሴረሙ የሚሠራው በሕዋሱ ላይ ሳይሆን በባክቴሪያው ላይ መሆኑን በማረጋገጥም ይህን ለመዋጥ የሚያመቻች ንጥረ ነገር ኦፕሶኒን ብለው ሰየሙት። ዛሬ ከታወቁት ዋና ዋና ኦፕሶኒኖች አንዱ አይ ጂ ጂ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ሲሆን፣ ሁለት ክንዶቹ ባዕዱን ሲይዙ ጭራው በሕዋሱ ገጽ ላይ ባለ ተቀባይ ይያዛል፤ ሌላው ሲ3ቢ ሲሆን፣ ይህም ሲ3 የተባለው የደም ፕሮቲን ሲሰነጠቅ የሚወጣና ከቅንጣቱ ጋር በኬሚካል ትስስር የሚጣበቅ ቁራጭ ነው።

ይሁንና ሁሉም ፕሮቲን ዋጩን ሕዋስ አይጠራም። በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው አልቡሚንና ክላስተሪን የተባለው ፕሮቲን በብዙ ሁኔታ መዋጥን የሚቀንሱ ሲሆን፣ ሽፋኑ ራሱም ባለበት አይረጋም፤ ሊዮ ቭሮማን እንዳሳየው ቀድመው የደረሱትን ፕሮቲኖች በኋላ የሚመጡና አጥብቀው የሚይዙ ሌሎች ይተኳቸዋል።

መድኃኒት ተሸካሚ ቅንጣቶች በጉበትና በጣፊያ ማክሮፋጆች ተውጠው እንዳይቀሩ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል በተባለ ረጅም ሞለኪውል ይሸፈናሉ። ይህ ሞለኪውል የሚጠቅመው ፕሮቲኖችን ስለሚያርቅ ብቻ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ቢታመንም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከመዋጥ ለመትረፍ እንደ ክላስተሪን ያሉ ፕሮቲኖች በቅንጣቱ ላይ መለጠፋቸው እንደሚያስፈልግ አመለከተ፤ ስለዚህ የቅንጣቱን መጠንና የኤሌክትሪክ ሙል ብቻ ዘርዝሮ በደም ውስጥ ስለሚለብሰው ነገር ዝም የሚል የምርምር ዘገባ ግማሹን ጉዳይ ትቷል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው ፓቲሲራን የተባለ መድኃኒት ግን ሽፋኑን ለራሱ ጥቅም ያውላል፤ የስብ ቅንጣቱ በደም ውስጥ አፖሊፖፕሮቲን ኢ የተባለውን ፕሮቲን ሲለብስ፣ የጉበት ዋና ሕዋሳት ለዚሁ ፕሮቲን ባላቸው ተቀባይ አማካይነት ይወስዱታል።