የሠርክ ቀዘፋ በባቦጋያ ሐይቅ

የሥራ ሰዓት አብቅቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ድካሙን የሚያራግፍበት ስፍራ ይሻል። በብዙ ከተማ ይህ ስፍራ የቡና ቤት ወንበር ሆኗል፤ አባት ከዚያ ተነሥቶ ቤቱ ሲደርስም ልጆቹ ተኝተዋል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቢሾፍቱ የሚኖር ቤተ ሰብ ግን ሌላ ምርጫ አለው፤ ሐይቅ በደጁ ነው፤ በሐይቁም ዳር የሚከራይ ታንኳ አይጠፋም። ስለዚህ ምርጫ፣ ስለ ደስታውም ስለ አደጋውም፣ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

የቢሾፍቱ ሐይቆች በጥንት ዘመን የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በከፈታቸው ጕድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ባቦጋያ፣ የውኃው ፊት 1 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጥልቀቱ ግን 65 ሜትር ያህል ነው። ታላቁ ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ሳለ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም። እንግዲህ ሐይቅን በስፋቱ ብቻ መመዘን እንዴት እንደሚያታልል ከዚህ ይታወቃል። ባቦጋያ እንደ ድስት ነው፤ ከዳሩ ጥቂት እንደ ራቁ እግር መሬት ያጣል። ስለዚህ ዋና የማያውቅ ሰው፣ ከደጋው ሕዝባችንም ብዙው እንዲህ ነው፣ «ለዳሩ ቅርብ ነኝ» ብሎ ሊጽናና አይገባውም። በአንጻሩ ዙሪያውን የከበበው ገደል ነፋሱን ይከላከላል፤ ከቀትር በኋላ የሚነሣውም ነፋስ ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ይበርዳል። (በጣናና በሐዋሳ የሚኖር አንባቢ ግን የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆች ሳይጠይቅ በምሽት አይቅዘፍ፤ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ከውኃ የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነውና።)

ዋናው ጕዳይ የሰዓት ጕዳይ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ11:30 ይዘጋል። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር መጀመሪያ ፀሐይ በቢሾፍቱ የምትጠልቀው በ12 ሰዓት ገደማ ስለ ሆነ፣ ሠራተኛው መቅዘፊያ ሲጨብጥ ቀኑ አልቋል። ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት ግን ፀሐይ እስከ 12:35 ገደማ ትቆያለች፤ ይህም አንድ ሰዓት ያህል ያተርፋል። በሐምሌ 12:45 ቢደርስም፣ የክረምት ደመና መብረቅ ያዘለ ነውና ያን ትርፍ መመኘት አያሻም። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ ከጠለቀችም በኋላ ድንግዝግዝታው 25 ደቂቃ አይሞላም። በአውሮጳ ረጅም የበጋ ምሽት የለመደ ሰው እዚህ ጨለማ በድንገት ይወርድበታል። ስለዚህ ታንኳውን ወደ ዳር ማዞር የሚገባው ፀሐይ ገና በገደሉ አፍ ላይ ሳለች ነው፤ ከጠለቀች በኋላ ማዞር መዘግየት ነው።

መልካሙ ወራት አብዛኛው በዐቢይ ጾም ላይ ይውላል። እስከ ሠርክ እህልና ውኃ ሳይቀምስ የዋለ ሰው መቅዘፊያ ቢይዝ ዐይኑ ይጨልምበታል፤ ለእርሱ በዳር መቀመጥ ወይም በእግር መዘዋወር ይበቃዋል። ከቀዳም ሥዑር በቀር በጾሙ ቅዳሜና እሑድ የሰዓት ጾም ስለሌለ፣ ቀዘፋውን ለእነዚህ ዕለታት ማቆየት ይሻላል።

አቀዛዘፉ ከባድ አይደለም። ሁለት ሰዎች ሲሆኑ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ እኩል ይቀዝፋሉ፤ ጕልበቱም ከክንድ ይልቅ ከወገብና ከጀርባ ሊመጣ ይገባል። በቀኝ ብቻ የሚቀዘፍ ታንኳ ወደ ግራ ይዞራል፤ ስለዚህ ከኋላ የተቀመጠው መሪ በቀዘፋው መጨረሻ የመቅዘፊያውን ጫፍ ጥቂት ወደ ውጭ ቢገፋው መንገዱ ይቃናል። ልጅ በመካከል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የሕይወት አድን ሰደርያ ለእያንዳንዱ በልኩ ይሁን፤ የአዋቂው ሰደርያ ከልጅ ራስ ላይ ሾልኮ ይወጣል። በጸጥታ ውኃ ላይ ታንኳን የሚገለብጠው ብዙ ጊዜ በመካከሉ ብድግ የሚል ሰው ነው። ተገልብጦ እንደ ሆነ ደግሞ ታንኳው ይንሳፈፋልና እርሱን ይዞ እየተጣሩ መቆየት እንጂ፣ ለቆ ወደ ዳር ልዋኝ ማለት አይገባም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፣ በታንኳ ላይ ልጅና ወላጅ ፊት ለፊት እንደማይተያዩ ያስተውል። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፤ እጃቸው በመቅዘፊያ ስለ ተያዘ ስልክ የሚያነሣ የለም። በማዕድ ላይ ስለ ትምህርት ቤቱ ሲጠየቅ «ደኅና ነው» ብቻ የሚል ልጅ፣ እዚህ ጀርባውን ለአባቱ ወይም ለእናቱ ሰጥቶ፣ ውኃውን እያየ፣ ማን እንደሚመታው፣ የትኛው ትምህርት እንደ ከበደው፣ ምን እንደሚያስፈራው ሳይጠየቅ ይናገራል። ከኋላ ያለው ሰው በዚያን ጊዜ ምክር ለመስጠት ባይቸኵል መልካም ነው፤ ይቅዘፍ፣ ይስማም። ልጁ ነገሩን ሳይጨርስ ፀሐይ ወደ ገደሉ አፍ ብትደርስ እንኳ ታንኳው ይዙር፤ ወሬው እየተመለሱም ይቀጥላል።

ከዳር ሲደርሱ ታንኳው ወደ ደረቅ ምድር ተጎትቶ በአፉ ይደፋ፤ የሌሊት ዝናብ እንዳይሞላበት። መቅዘፊያዎቹና ሰደርያዎቹ ለባለ ታንኳው ተቈጥረው ይመለሱ። ልጁም እርጥብ ልብሱን ሳይውል ሳያድር ይለውጥ፤ ምሽቱ በቢሾፍቱም ይቀዘቅዛልና።