ሳይቃጠል በቅጠል፦ ላፕቶፕ ለምን ይግላል? እንዴትስ እናቀዝቅዘው?

በዚህ ጽሑፍ ስለ አንድ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ ያስከፈለን ጉዳይ እንነጋገራለን።

እንደምታውቁት ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ በአረምና በአጨዳ ወቅት ለቀን ሥራ ወደ እርሻ ስለሚሄዱ ትምህርት ያመልጣቸዋል። ስለዚህ የሒሳብ ትምህርቱን በቪድዮ ቀርጸን፣ አሳንሰን፣ በስልካቸው ሜሞሪ ልንሰጣቸው አሰብን። ይሁን እንጂ በሚያዝያ ወር ቀትር ላይ ሥራውን ስንጀምር ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ግሎ መሃል ላይ ጠፋ። ደግመን ሞከርን፤ ጠፋ። ሦስተኛም ጠፋ። እኔ ቫይረስ ነው ብዬ ነበር። ሜካኒክ የነበሩ አንድ የተማሪ አባት ግን እጃቸውን ከጎኑ አስጠግተው፣ «መምህር፣ ራዲያተሩን አይተውታል?» አሉኝ። እውነትም ነገሩ እዚያው ነበር።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ቪድዮ ማለት በፍጥነት የሚከታተሉ ፎቶግራፎች ማለት ነው። በሴኮንድ 25 ፎቶ ቢኖር የ45 ደቂቃ ትምህርት 67,500 ፎቶ ይሆናል። አንዱ ፎቶ 1920 በ1080 ነጥብ ከሆነ 2,073,600 ነጥቦች አሉት። ላፕቶፑ ቪድዮውን ሲያሳንስ እያንዳንዱን ፎቶ ከቀዳሚው ጋር ያስተያያል፤ ሰሌዳው ካልተለወጠ «እንደ በፊቱ» ብሎ ያልፈዋል፣ የተንቀሳቀሰውን የመምህሩን እጅ ብቻ ይመዘግባል። ቪድዮው የሚያንሰው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ ማስተያየት ያለ ዕረፍት የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው። ደብዳቤ ሲጻፍበት አብዛኛውን ጊዜ ያርፋል፤ ቪድዮ ሲያሳንስ ግን ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል። የሚበላው ኤሌክትሪክ ደግሞ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ይህን ሙቀት የመዳብ ቱቦ ተቀብሎ ቀጫጭን የብረት ክንፎች ወዳሉበት ያደርሰዋል፤ ትንሿ ማራገቢያ ደግሞ በክንፎቹ መካከል አየር እየነፋች ታወጣዋለች። የመኪና ራዲያተር ማለት ነው። መውጫው ከተዘጋ ሙቀቱ ይጠራቀማል። ፕሮሰሰሩ ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃ ላፕቶፑ ይጠፋል። ስለዚህ መጥፋቱ በሽታው ሳይሆን ምልክቱ ነው።

የእኛ አገር ሙቀትስ?

ማራገቢያ ሙቀትን ወደ አየር ያስተላልፋል እንጂ ከአየሩ በታች ሊያቀዘቅዝ አይችልም። አንድ ላፕቶፕ ሲሠራ ከአካባቢው አየር በ60 ዲግሪ ይበልጣል እንበል። አየሩ 25 ከሆነ 85 ይደርሳል፤ ደኅና ነው። በኒው ሀልፋ ግን በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ላይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በ42 ላይ 60 ቢጨመር 102 ይሆናል። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ላፕቶፕ እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር እንዲሠራ ያሳስባሉ። እኛ ከዚያ በላይ ነን።

«ታዲያ የዚር ውሃ እንዴት ይቀዘቅዛል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዚሩ ላብ ስለሚያወጣ ነው። ውሃው በሸክላው ሰርጎ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ላፕቶፕ ግን ላብ የለውም፤ እርጥብ ጨርቅ ብታለብሱት ውሃው ገብቶ ያቃጥለዋል። በረዶ ላይ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥም እንዲሁ ነው፤ ጤዛ ውስጡ ይቋጠራል።

ሌላው ጠላታችን አቧራ ነው። የኽሽም ኤል ግርባን ግድብ አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጠናቀቅ ከአገራችን በሚወርደው በተከዜና በላይኛው አትባራ ውሃ እንዲሞላ ነበር። ወንዙ ግን አፈርም ይዞ ስለሚመጣ ከግማሽ ያህሉ ቦታ በደለል ተይዟል፤ በክረምትም በሮቹ እየተከፈቱ ደለሉ ሲጠረግ ኖሯል። ሃቡብ በነፈሰ ቁጥር የላፕቶፑም ክንፎች እንዲሁ ይደፈናሉ። የእኛ ሲከፈት የተገኘው እንደ ስሜት ጨርቅ የተጋገረ አቧራ ነበር።

ምን እናድርግ?

1. ላፕቶፑን በፍራሽ፣ በብርድ ልብስ ወይም በጉልበት ላይ አታሠሩ። ጣውላ ላይ አድርጉና በኋላ በኩል ሁለት የጠርሙስ ክዳን ከሥሩ አስገቡ፤ አየር ያገኛል።

2. ከባዱን ሥራ በሌሊት ሥሩ። አየሩ እጅግ የሚቀዘቅዘው ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት ነው።

3. ሥራውን አቅልሉ። ቪድዮው በ1280 በ720 ቢሆን ነጥቦቹ ከግማሽ በታች ይሆናሉ፤ ለስልክ ይበቃል። ትምህርቱን በ15 ደቂቃ ከፋፍሉ፤ ቢጠፋ እንኳ የምታጡት ክፍሉን ብቻ ነው። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ጉልበት ከ100 በመቶ ወደ 80 ብታወርዱ ሥራው ይዘገያል፣ ሙቀቱ ግን ይቀንሳል።

4. በየወሩ አጥፍታችሁ፣ ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ጥረጉ። በአፍ አትንፉ፤ ምራቅ ይገባል። መክፈት ካስፈለገ የሚያውቅ ሰው ይክፈተው።

አሁን ወላጆች በተለይ ልብ እንድትሉልኝ የምለምነው ነገር አለ። ሙቀት ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ባትሪውን ነው። የላፕቶፕም ሆነ የስልክ ባትሪ ካበጠ፣ ክዳኑ ከተነሳ ወይም እንግዳ ሽታ ካወጣ ወዲያው ቻርጅ ማድረግ አቁሙ። አትብሱት፣ አትጫኑት፣ ልጆች አይንኩት። ከሣር ቤትና ከድንኳን ርቆ፣ ጥላ ባለው ባዶ መሬት ላይ ይቀመጥ። በጎጆ ውስጥ ልጆች ተኝተው ሳለ ፍራሽ ላይ ቻርጅ አታድርጉ። ላፕቶፕ ቢጠፋ ይገኛል፤ በሣር ቤት የተነሳ እሳት ግን ጎረቤትንም አይምርም።

እኛም ክንፎቹን ጠርገን፣ ሥራውን ወደ ሌሊት አዛውረን፣ ትምህርቱን በሦስት ከፍለን ስንሞክር ላፕቶፑ አንድ ጊዜም ሳይጠፋ ጨረሰ። ጠዋት ልጆቹ ወደ እርሻ ሲሄዱ ትምህርቱን በስልካቸው ይዘው ሄዱ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ለመለማመጃ ይህን ሞክሩ፦ ሁለት እኩል ጠርሙስ ውሃ ሙሉ፤ አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ሌላውን እንዲሁ ተዉት። ሁለቱንም ንፋስ ባለበት ጥላ አስቀምጡና ከአንድ ሰዓት በኋላ በእጃችሁ ዳስሱ። የትኛው ቀዘቀዘ? ለምን? መልሱን በደብተራችሁ ጽፋችሁ አምጡልኝ።