ስለ ከተሞች ደረጃና ስለ ቦርከና ውሃ

በዛሬው ዘመን የዓለም ከተሞች ለመኖሪያ ያላቸው መልካምነት በቍጥር እየተመዘነ፣ ፊተኛውና ኋለኛው እየተለየ በየዓመቱ ይነገራል። በሎንዶን የሚገኘው የኢኮኖሚስት ድርጅት የጥናት ክፍል በ2016 ዓ.ም. 173 ከተሞችን መዝኖ የኦስትሪያን ዋና ከተማ ቪየናን ፊተኛ አድርጓት ነበር። የሚዛኑም አከፋፈል ከመቶው 25 ለጸጥታ፣ 25 ለባህልና ለአካባቢ፣ 20 ለጤና፣ 20 ለመንገድና ለመሰለው አገልግሎት፣ 10 ለትምህርት ነው።

ከተማን በማዕረግ መለየት ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያንስ እንኳ ደብርና ገጠር እየተባለች ትለይ የለምን? በ1937 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 74 አዋጅም ከተሞችን በሁለት ደረጃ ከፍሎ የማዘጋጃ ቤታቸውን ሥርዓት ወስኖ ነበር። ዳሩ ግን የአዋጁ ደረጃ ከተማይቱ የምትሸከመውን ሥራና ሥልጣን የሚያመለክት ሲሆን፣ የዛሬው ሚዛን የሚናገረው ስለ ነዋሪው ምቾት ነው። ነዋሪው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ ሠራተኞቻቸውን ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ኩባንያዎች ለሚሄደው ሰው የሚጨምሩለትን የችግር አበል እንዲቈርጡበት የሚያገለግል በመሆኑ፣ የሚመዝነው በአገሬው ዓይን ሳይሆን በእንግዳው ዓይን ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ በዚያ መዝገብ አልገቡም። ቢገቡስ ማን ይቀድም ነበር? ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ወደ 2,500 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ፣ በብርድና በጉም መካከል ተቀምጣለች። ትምህርት ቤት የሚሻ ወላጅ የወይዘሮ ስኂንን ስም አንሥቶ እርሷን ያስቀድማል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ በሞቀው ሜዳ ላይ ስለምትገኝ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው፣ ፋብሪካዎቹና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉት በእርሷ ዘንድ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ በደሴ ከተማ 120,095፣ በኮምቦልቻ ከተማ 58,667 ሰዎች ተቈጥረው ነበር።

ለጸጥታ የተመደበው ከመቶ 25 ምን ያህል ክብደት እንዳለው ሁለቱም ከተሞች በ2014 ዓ.ም. አይተውታል። በጥቅምት ወር መጨረሻ በጦርነት ከመንግሥት እጅ ወጥተው፣ በኅዳር ወር መጨረሻ እስኪመለሱ ድረስ ባለው ጥቂት ጊዜ ውስጥ የደሴ ሆስፒታል ንብረት ተዘርፎ፣ የኮምቦልቻም ፋብሪካዎች ተጐድተው ተገኙ። የጸጥታ መጕደል የጤናውንም የሥራውንም ቍጥር አብሮ ይዞ ይወርዳል ማለት ነው።

በሌላ በኩል በሚዛን የማይሰፈር ነገርም አለ። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ አይጠየፍ የተባለው ድኃውና ጌታው ሳይጠያየፍ በአንድነት ይበላበት ስለ ነበረ ነው ይባላል። የሎንዶኑ መዝገብ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ዓምድ አላበጀለትም።

ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚገባው ግን የውሃው ጕዳይ ነው። የቦርከና ወንዝ በደሴ በኩል አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ደሴ ጥራጊዋን ወደ ወንዙ ብትጥል መንገዷ ይጸዳል፤ መርማሪ ቢመጣም የጽዳት ማዕረጓ ከፍ ይላል። ጥራጊው ግን አልጠፋም፤ በክረምት ጐርፍ ተገፍቶ ለታችኛይቱ ከተማ ይደርሳል። ኮምቦልቻም ነጻ አይደለችም። ከጨርቃ ጨርቅ፣ ከቆዳ፣ ከቢራና ከብረት ፋብሪካዎቿ የሚወጣው ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች አድርጎ እዚያው ቦርከና ውስጥ እንደሚገባ ሊቃውንት መርምረው ጽፈዋል። እንግዲህ ሁለቱን ከተሞች ለየብቻ መዝኖ አንዲቱን ፊተኛ፣ ሁለተኛይቱን ኋለኛ ማለት፣ የላይኛውን ጐረቤት ግቢውን ስለ ጠረገ አመስግኖ ጥራጊው የተደፋበትን የታችኛውን እንደ መውቀስ ያለ ፍርድ ነው።

ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች ሹማምንት ሽልማትና ደረጃ ከመጠበቃቸው አስቀድመው የወንዙን ሒሳብ በአንድነት ሊይዙ ይገባል። ውሃው ከደሴ ሲወጣ፣ ኮምቦልቻ ሲገባ፣ ከኮምቦልቻም ሲወጣ በሦስት ስፍራ እየተመረመረ ውጤቱ በአንድ መዝገብ ቢጻፍ፣ ማን ምን እንደ ጨመረበት ይታወቃል። ወጪውም ቢሆን ለሁለት ማዘጋጃ ቤቶች የሚከብድ አይመስልም። ቦርከና ከዚያ በኋላ ከብት አርቢዎች በበጋ መንጋቸውን ወደሚያሰማሩበት ወደ ጨፋ ሜዳ ወርዶ፣ በከሚሴ አቅራቢያ አልፎ፣ ወደ አዋሽ ይሄዳል።