ቤት የቀረው ወኪል

ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው መሬቱንና ከብቱን ለሚጠብቅለት ዘመድ ውክልና ሰጥቶ መሄዱ የቆየ ሥርዓታችን ነው፤ ሥልጣኑ እስከ ምን እንደሚደርስ፣ ምን እንዲሸጥና ምን እንዳይነካ በሽማግሌ ፊት ተለይቶ ስለሚነገር ባለቤቱ በሄደበት ሆኖ እንቅልፉን ይተኛል። ዛሬ ላስተዋውቅ የምወደው የኮምፒውተር ፕሮግራም ወገንም ከዚህ ወኪል የሚለይ አይመስለኝም፤ በቤት በቀረው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ የማሽኑን ገጽ ለርሑቁ ባለቤት ያሳያል፣ ከእርሱም የሚመጣውን ትእዛዝ ይፈጽማል።

እኔ ይህን ወኪል ያወቅሁት በደብረ ታቦር ስኖር፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሐሙሲት ስለሚገኘው የወላጆቼ ቤት ኮምፒውተር ስጨነቅ ነው። በአንድ ምሽት ታናሽ ወንድሜ ደውሎ፣ «ወንድምዓለም፣ የአባባ የሰበካ ጉባኤ ሒሳብ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖብናል» አለኝ። አኒዴስክ የሚባለውን ፕሮግራም እንዲከፍትና በገጹ ላይ የሚታየውን ረዥም ቁጥር እንዲያነብልኝ ነገርሁት፤ ቁጥሩን በእኔ ማሽን ላይ ጻፍሁ፤ እርሱም ፈቃዱን በአንዲት ጠቅታ ሰጠ። ጠቋሚው ያለ ነኪ መሄድ ሲጀምር እናቴ «በስመ ሥላሴ!» ስትል በስልኩ ውስጥ ሰማኋት። ከማሽኑ የጠፋውን ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ መልሼ ብጭነው፣ ሣጥኖቹ አንድ በአንድ ወደ ፊደልነታቸው ተመለሱ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለሚጠይቅ፣ የሐሙስ ገበያ በስሟ ለታተመባት ከተማ ልጅ ማስረዳቱ ቀላል ነው። የቤት ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ በኢንተርኔት ላይ የራሱ የሆነ አድራሻ የለውም፤ ከብዙ ደንበኞች ጋር አንዱን አድራሻ ስለሚጋራ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱም ማሽኖች ከየቤታቸው ወጥተው በመካከል በቆመ አገናኝ ኮምፒውተር ዘንድ፣ ልክ እንደ ገበያተኞች፣ ይገናኛሉ። በጀርመን አገር በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቲምቪወርም፣ አኒዴስክም፣ ኮዱ ለሁሉ የተገለጠው ረስትዴስክም መንገዳቸው ይኸው ነው።

ከእነዚህ የሚቀድሙ አባቶች አሉ። በ1998 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ከኦሊቬቲ ቤተ ሙከራ ለሁሉ በነጻ የወጣው ቪኤንሲ ገጹን እንደ ሥዕል ቆራርሶ ስለሚልክ፣ መስመሩ ቀጭን በሆነበት ቦታ ይጎተታል። እኔ ግን ይበልጥ የማከብረው ኤስኤስኤችን ነው፤ ፊንላንዳዊው ታቱ ኡሎነን በዩኒቨርሲቲው መረብ ላይ የይለፍ ቃሎች ስለ ተሰረቁ በ1995 እ.ኤ.አ. የሠራው ይህ መሣሪያ፣ ሥዕል ትቶ በምሥጢር የተቆለፈ ፊደል ብቻ ያመላልሳልና፣ ኔትወርክ በደከመበት ሌሊት እንኳ አንድ ፋይል መቅዳት ወይም ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት ያስችላል። የሚያዝዘውን ቃል ማጥናት ግን ግድ ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ንባብ እንደማይደርስ ሁሉ ትዕግሥት ይጠይቃል።

መብራት ሲጠፋ ወኪሉም አብሮ ይተኛል። ለዚህ የሚበጀው ባዮስ በሚባለው የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ፣ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሣ ማዘዝ ነው። ከዚያው ቤት መረብ ውስጥ የሚላክ፣ የተኛውን ማሽን መለያ ቁጥር 16 ጊዜ ደጋግሞ የሚጠራ ልዩ የማንቂያ መልእክትም አለ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ካልተሰካ ግን ጥሪውን የሚሰማ የለም። ለኢንተርኔት መቋረጥ ደግሞ መድኃኒት የለም፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ ወንድሜ ጥያቄውን በወረቀት ጽፎ በመንገደኛ ይልክልኝ ነበር፤ እኔም መልሱን በዚያው መንገድ እመልስ ነበር።

አጥብቄ የምናገረው ስለ ወኪሉ ሥልጣን ነው። ያችን የአኒዴስክ ቁጥር ለማያውቁት ሰው ማንበብ የቤቱን ቁልፍ ከነሣጥኑ ቁልፍ አሳልፎ መስጠት ነው፤ «ከባንክ ነው የምደውለው» እያሉ ይህንኑ ፕሮግራም አስጭነው የሰው ገንዘብ የሚወስዱ ሌቦች በዓለም ዙሪያ በዝተዋልና፣ ደዋዩ ማን እንደ ሆነ በድምፁ ያልታወቀ እንደ ሆነ ስልኩን መዝጋት ይገባል። እኔም ሰው በሌለበት የሚያስገባውን ቋሚ የይለፍ ቃል ከወላጆቼ ማሽን ላይ አንሥቻለሁ፤ በገባሁ ቁጥር ከቤት አንድ ሰው ፈቅዶ መጫን አለበት።

ወንድሜ በሌለ ጊዜ ፈቃዱን የምትጫነው እናቴ ናት። አሁን ጠቋሚው መንቀሳቀስ ሲጀምር አትደነግጥም፤ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ወደ ገጹ ጎንበስ ትልና፣ «እንደምን አመሸህ ልጄ?» ትለዋለች።