መላጊያ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ቆጣሪያችሁን እዩ

ጓሮዬ ውስጥ ጠረጴዛና መደርደሪያ እየሠራሁ እሸጣለሁ። ጣውላ በእጅ መላግ ወገቤን ሲጨርሰው፣ የእቁብ ብሬን ይዤ ውፍረት የሚያስተካክል መላጊያ ማሽን ፍለጋ መርካቶ ወጣሁ። አንዱ ግዙፍ ማሽን ልቤን ወሰደው። ልከፍል ስል ሻጩ «ቤትህ ስሪ ፌዝ አለ?» አለኝ። የለማ! እንደ አብዛኛው መኖሪያ ቤት የእኔም ባለ 220 ቮልት ሲንግል ፌዝ ነው፤ ማሽኑ ግን 380 ይፈልጋል። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከውም ባለ 120 ስለሆነ፣ ቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል።

በመጨረሻ እስከ 33 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ የሚያስገባ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ባለ 220 ገዛሁ። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፦ ይህ ማሽን የጎበጠ ጣውላ አያቀናም። ሮለሩ ተጭኖ ያሳልፈዋል፤ ሲወጣ ተመልሶ ይጎብጣል። ስለዚህ መጀመሪያ አንዱን ገጽ በእጅ መላጊያ አቅኑ።

ከዋጋው በፊት ቮልቱን ጠይቁ። እቁብ በአንድ ዙር ሁለቴ አይወጣም።