«የእኩል» ሲባል የምኑ እኩል?

(ከመሠረተ ትምህርት የሬዲዮ ንግግሮች የተገለበጠ)

ሥራ ላይ ያላችሁ እየሠራችሁ አዳምጡ። ደብተርና እርሳስ ያላችሁ ደግሞ ያዙ፤ ዛሬ ትንሽ ሒሳብ እንሠራለን።

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሽርክና ነው። ሽርክና ምንድን ነው? ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ያላቸውን አዋጥተው አብረው ሲሠሩ፣ ያገኙትንም ሲካፈሉ ሽርክና ይባላል።

ለላስታ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። መሬት ያለውና በሬ ያለው ተስማምተው የእኩል ያርሳሉ። አንዲት እናት በጓን ለርቢ ትሰጣለች፤ ጎረቤቷ ያረባል፤ ግልገሉን ይካፈላሉ። በዚህ ሁሉ ወረቀት አልነበረም። ለምን ቢሉ፣ ምርቱ አውድማ ላይ ነው። ሁለቱም ቆመው ያዩታል። መስፈሪያው አንድ ቁና ነው። ግልገሉም በረት ውስጥ ይቆጠራል። የተሰወረ ነገር የለም።

አሁን ግን አውድማው የማይታይ ሽርክና መጥቷል። የላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈሩ። እየዋለ እያደረም ሊያያቸው የሚመጣው እንግዳ በዛ። እንግዳ ማደሪያ ይፈልጋል። ምግብ ይፈልጋል። በቅሎና መንገድ መሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው መሬት ወዳለው ገበሬ ይመጣና «አብረን እንሥራ» ይለዋል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን እንግዳው ሒሳቡን ገና ሩቅ አገር ሳለ ከፍሎ ሊመጣ ይችላል። ገንዘቡን ገበሬው አያየውም። ምርቱ የተሰፈረው እርሱ በሌለበት ነው።

በእናቴ ወንድም የደረሰውን ልንገራችሁ። የሌላውን ወገን ስም አልጠራም። አጎቴ መንገድ ዳር መሬት ነበረው። አንድ ሰው መጣና «መሬቱ ካንተ፣ ቤቱ ከኔ፣ ትርፉ የእኩል» አለው። አጎቴ «የእኩል» የምትለዋን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃታል። ደስ አለው። ማንበብ አይችልም ነበርና በወረቀቱ ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ።

ቤቱ ተሠራ። እንግዳ ገባ፤ እንግዳ ወጣ። ዓመቱ ሲያልቅ አጎቴ ድርሻውን ቢጠይቅ «ዘንድሮ ትርፍ የለም» ተባለ። በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ። በሦስተኛው ዓመት ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ መጣ። እኔ ያን ጊዜ በመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ነበርሁ። አነበብሁለት። «ከማናቸውም ወጪ በኋላ ከሚተርፈው እኩሌታ» ይላል። ወጪውን የሚጽፈው ያ ሰው ብቻ ነው። የውሉ ዘመን ደግሞ 20 ዓመት ነው። አጎቴ ለሁለት ሦስት ዓመት መስሎት ነበር። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ኋላም «እኔው ባነበው ኖሮ» አለ። ከዚያ በቀር የተናገረው የለም።

እንግዲህ እርሳሳችሁን አንሡ። በአንድ ወር 10 እንግዶች መጡ እንበል። እያንዳንዱ 400 ብር ከፈለ። 10 ጊዜ 400 ስንት ነው? 4,000 ብር። ይህ ገቢ ይባላል። ለምግብ፣ ለማገዶ፣ ለውኃና ለሠራተኛ 2,600 ብር ወጣ እንበል። ይህ ወጪ ይባላል። ከገቢው ላይ ወጪው ሲቀነስ 1,400 ብር ይቀራል። ትርፍ ማለት ይህ ነው። የትርፉ እኩሌታ 700 ብር ነው።

አሁን ደግሞ ደብተሩን የያዘው ሰው ወጪውን 3,900 ብር ብሎ ጻፈ እንበል። ትርፉ 100 ብር ሆነ። እኩሌታው 50 ብር ነው። እንግዳው ያው 10 ነው። ገንዘቡም ያው 4,000 ነው። የተለወጠው ደብተሩ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ውሉ «ለአንድ እንግዳ 70 ብር ይከፈላል» ቢል 10 እንግዳ 700 ብር ያመጣል። ሌላውም ወገን ወጪውን ችሎ 700 ብር ይቀረዋል። ሁለቱም እኩል አገኙ፤ ማንም አልተጎዳ። ልዩነቱ ምንድን ነው? እንግዳ እንደ ግልገል ይቆጠራል። ገበሬው ደጁ ላይ ቆሞ መቁጠር ይችላል። አውድማው ተመልሶ ታየው ማለት ነው።

ከዚሁ ከሰሜን ወሎ ሳንወጣ አንድ መልካም ምሳሌ እንይ። ከላሊበላ በስተደቡብ ምዕራብ የመቄት ወረዳ አለ። በዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ «ተስፋ» የተባለ የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ተጀመረ። መቋት ማርያም ከመጀመሪያዎቹ መንደሮች አንዷ ናት። የእርዳታ ድርጅት ለመነሻ ረዳ። ነዋሪዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ በአገሬው አሠራር ጎጆዎች ሠሩ። እንግዳው በእግሩ ከመንደር ወደ መንደር ይሄዳል፤ ጓዙን አህያ ይጭንለታል። የሚያበስሉት፣ የሚጠብቁት፣ አህያ የሚነዱት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ኋላም አዲስ አበባ ያለ የጉዞ ድርጅት እንግዳ እየፈለገ ይልክላቸው ጀመር።

ይህን ሽርክና ልብ በሉ። ድርጅቱ ቋንቋ ያውቃል፤ እንግዳ ከየት እንደሚገኝም ያውቃል። መንደሩ ደግሞ አገሩ፣ ጎጆውና ጉልበቱ አለው። አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም። ጎጆው ግን የማኅበረሰቡ ነው። ሥራውን የሚመራው ከመንደሩ የተመረጠ ኮሚቴ ነው። ሸሪኩ ቢሄድ ጎጆው አብሮት አይሄድም።

ሽርክና በግለሰቦች መካከልም ያምራል። በላሊበላ ከተማ «ቤን አበባ» የተባለውን ምግብ ቤት በ2004 ዓ.ም. ገደማ የከፈቱት አንዲት ስኮትላንዳዊትና አንድ የአገራችን ሰው ናቸው። «ቤን» በስኮትላንድ ተራራ ማለት ነው። «አበባ» የእኛው አበባ ነው። ከስሙ ጀምሮ ሁለቱም አዋጥተዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። ገንዘቡን በትክክል መካፈል ብቻውን አይበቃም። ዘላቂ መሆን አለበት። ዘላቂ ልማት ምን ማለት ነው? ገበሬ በክረምት ቢቸግረው እንኳ የዘር ጎተራውን አይከፍትም። ዘሩን የበላ ለጊዜው ይጠግባል፤ በዓመቱ ግን ይራባል። ልማትም እንዲሁ ነው። የዛሬውን እየበላን ለልጆቻችን ዘሩን ስናቆይ ዘላቂ ልማት ይባላል።

የእኛ ዘር ምንድን ነው? አፈሩ፣ ውኃው፣ ዛፉና አውሬው ነው። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በላዩ ጭላዳና ጅብራ አለ። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮም አለበት። ይህን ለማየት ሰው ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ለእንግዳ ውኃ ለማሞቅ ብለን ቁጥቋጦውን ብንጨርስ፣ ግጦሹንም እስከ ተራራው ራስ ብናራቁት፣ ዘሩን በላን ማለት ነው። በከፍተኛው ደጋ ላይ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ሥፍራ የተከለለውም ለዚህ ነው።

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። በዓለም ሰሜናዊ ጫፍ ግሪንላንድ የምትባል በበረዶ የተሸፈነች ታላቅ ደሴት አለች። ሕዝቧ 57,000 ያህል ነው፤ ከላስታ ሕዝብ ያንሳል። አብዛኛው ወደ ውጭ የሚሸጡት ነገር ዓሣ ነው። በደቡብ በኩል ደግሞ እንደ እኛ በግ ያረባሉ። መሬት እንደ ግል ንብረት አይሸጥም፤ አይለወጥም። በእኛም አገር ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ መሬት እንደማይሸጥ ታውቃላችሁ።

በዚያች ደሴት ናርሳክ በተባለች ትንሽ ከተማ አጠገብ አንድ የአውስትራሊያ ኩባንያ ማዕድን ሊያወጣ ፈለገ። ከማዕድኑ ጋር ዩራኒየም የተባለ አደገኛ ነገር አብሮ ይወጣል። ሕዝቡ ተከራከረ። ገሚሱ «ሥራ እናገኛለን» አለ። ገሚሱ «አቧራው ግጦሻችንንና ውኃችንን ያበላሽብናል» አለ። በ2014 ዓ.ም. ምክር ቤታቸው ዩራኒየም ማውጣትን በሕግ ከለከለ። ኩባንያውም ክስ መሠረተ። እንግዲህ እምቢ ማለትም ዋጋ አለው። ከተፈረመ በኋላ ከመሟገት፣ ሳይፈረም በፊት ሁሉን መጠየቅ ይቀላል።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ነገር ይህ ነው፦ እንግዳ ሊቀር ይችላል። ይህን በዓይናችን አየነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ መጣ፤ የውጭ እንግዳ ቀረ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገዱ ሠጋ። መንገድ መሪው፣ በቅሎ ጫኚው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ሁሉም እጁን አጣጥፎ የተቀመጠበት ጊዜ ነበር። ማረሻውን ያልሰቀለ፣ ቀፎውን ያልተወ ሰው ግን ቢያንስ የሚልሰው የሚቀምሰው አላጣም። ስለዚህ የእንግዳው ገንዘብ ለእርሻችሁ ደጋፊ ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን። ደህና ጊዜ ሲሆንም ከሚገኘው ላይ ለክፉ ቀን ተቀማጭ ይደረግ።

እንግዲህ አንድ ሰው «አብረን እንሥራ» ብሎ ወረቀት ቢያመጣላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ።

1. እኔ የማዋጣው ምንድን ነው? መሬት? ጉልበት? ገንዘብ?
2. ድርሻዬ ከገቢው ነው ወይስ ከትርፉ?
3. ደብተሩን ማን ይጽፋል? እኔስ በየስንት ጊዜው አየዋለሁ?
4. ውሉ ስንት ዓመት ነው? ሲፈርስ ቤቱ ለማን ይቀራል?
5. እንግዳ ባይመጣ፣ ወይም አገር ባይረጋ፣ ኪሣራው የማን ነው?

መልሱ በቃል አይበቃም። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ እዩት። ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ ቀስ እያላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁን ቃል አስምሩበትና ጠይቁ። «አሁኑኑ ካልፈረምህ» ብሎ የሚያስቸኩላችሁን ሰው ጠርጥሩት። ንባብ የጀመራችሁት ገና በቅርቡ ነው ብላችሁ አትፈሩ። «ገቢ»፣ «ወጪ»፣ «ትርፍ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ለይቶ ያነበበ ሰው አጎቴ ያላየውን አይቷል።

አጎቴ ዛሬ ስሙን ይጽፋል። የጻፈው ስም ትንሽ ይንጋደዳል፤ ግን ይነበባል። ማንም ወረቀት ቢያመጣለት በመጀመሪያ የሚፈልገው «ወጪ» የምትለዋን ቃል ነው።

ለዛሬው በዚህ አበቃን። በሰላም ያገናኘን። ደኅና ሁኑ።

መልመጃ

ሀ. እነዚህን ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ፦ ሽርክና፣ ውል፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ትርፍ፣ ኪሣራ፣ ዘላቂ።

ለ. በአንድ ወር 8 እንግዶች መጡ። እያንዳንዱ 300 ብር ከፈለ። ወጪው 1,600 ብር ነው። ገቢው ስንት ነው? ትርፉስ? የትርፉ እኩሌታስ?

ሐ. በቀበሌያችሁ «ዘር» ሊባል የሚገባው ምንድን ነው? ከጎረቤታችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ።